ግልባጭ ያልደረሳት

ጁባ፣ መስከረም 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከወንዝ ወደቡ ስመለስ ቶንፒንግ ሰፈር ጎራ ብዬ ከሶሊ ሆቴል አንድ ፖስታ ተቀበልኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ትቶልኝ የሄደ ነው። የአጎቴ ልጅ የየሺጥላ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን ከሩቅ አወቅሁት። የሺጥላ ስልክ አይደውልም። ባለፈው ፋሲካ በልጁ በፀደንያ ጉዳይ ስንጣላ «ከእንግዲህ ከአንተ ጋር የምነጋገረው በጽሑፍ ብቻ ነው» ብሎ ዘጋብኝ፤ እንዳለውም አደረገ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ አሁን በወረዳው የልደትና የሞት ምዝገባ ኃላፊ ስለሆነ፣ ለዘመድ የሚጽፈው ደብዳቤ ሳይቀር ቁጥርና ግልባጭ አለው።

እኔም የምልከውንና የሚመጣልኝን ሁሉ በዚህ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ ምን እንዳልኩና ምን እንደተባልኩ በእጄ እንዲኖር እፈልጋለሁ። የዛሬው ይኸውና።

ቁጥር፦ የሺ/ረ/01/16
ቀን፦ መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለረታ
ጁባ

ጉዳዩ፦ ልጄ ፀደንያ ወደ አገሯ እንድትመለስ ስለማሳሰብ

አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። የገባው ዘመን እጅህ የያዘው የሚበረክትበት፣ ከክፉ የምትጠበቅበት ይሁንልህ። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ፀደንያ ለስድስት ወር ብላ ወጥታ ሁለት ዓመት አለፋት። እዚህ በወረዳችን የጸሐፊነት ቦታ ተገኝቶላታል። ፓስፖርቷ ጥር 10 ቀን ጊዜው ያልፋል። ለማሳደስ የልደት ማስረጃና የታደሰ መታወቂያ ያስፈልጋታል፤ ሁለቱም የሚወጡት ከእኔ ክፍል ነው። መመሪያው ባለጉዳይ በአካል ይቅረብ ስለሚል፣ እዚህ መጥታ ካልቀረበች አልሰጥም። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ እንድትልካት አሳስባለሁ።

«የሰው ልጅ ነፃ ነው፣ የፈለገበት ይኖራል» ብለህ በስልክ የነገርከኝን አልረሳሁም። ይህ የወሬ ነፃነት ነው። ባለፈው ሰኔ ማሚቱ የምትባል ሴት ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድሞች ከቤቷ አስወጧት። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው በሩን አላስከፈተላትም። እኔ ግን የ1986ን መዝገብ አውጥቼ የጋብቻዋን ገጽ አገኘሁ። በሳምንቱ ቤቷ ገባች። መብት ማለት ይህ ነው፤ መንግሥት የጻፈውና መንግሥት የሚያስፈጽመው። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ነፋስ የሚወስደው ነው። ልጄ ማንም በማያውቃት አገር ነፋስ እንድትሆን አልፈቅድም።

ወንድምህ የሺጥላ

ግልባጭ፦ ለእህታችን ለወ/ሮ ዘነበወርቅ

የልጄ ሳሏ ተሽሏት እንደሆነ ብታሳውቀኝ።

ጁባ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ የሺጥላ

መልካም ምኞትዎ ደርሶኛል፤ ለእርስዎም ዕድሜና ጤና ይጨምርልዎት። የደብዳቤ ቁጥር የለኝምና እንዲሁ ይቀበሉኝ።

ፀደንያ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ዕቃ ብትሆን የጭነት ወረቀት ጽፌ እልክልዎት ነበር። ሰው ናት፤ መሄድም መቅረትም የራሷ ነው። ይህን ወረዳው አልሰጣትም፣ እርስዎም አልሰጧትም፤ እንደ ትንፋሿ አብሯት የተወለደ ነው። እርስዎ መወለዷን መዘገቡ እንጂ፣ ስለመዘገቧት አልተወለደችም።

መብት ከመንግሥት ነው የሚመጣው ይሉኛል። ሐምሌ 2008 እዚህ ከተማ ተኩስ ሲከፈት እኔ እዚሁ ነበርኩ፤ እርስዎ በሬዲዮ ነው የሰሙት። የታጠቁ ሰዎች መጋዘኔን ሰብረው ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ጄኔሬተሩን ጭነው ሄዱ። ያን ሳምንት ማን እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በእርስዎ አነጋገር ከሄድን፣ መንግሥት ስላልነበረ ጄኔሬተሩም የእኔ አልነበረም፤ ሰዎቹም አልሰረቁም። እኔ ግን ስርቆት እንደሆነ አውቅ ነበር። የሚገርመው እነሱም ያውቁ ነበር፤ አንደኛው በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬት ያይ ነበር። ያን ዕውቀት የሰጠው የትኛው መዝገብ ቤት ነው?

ወረቀቷን ይላኩላት። እሷ ከፈለገች በራሷ እግር ትመጣለች።

ታናሽዎ ረታ

ግልባጭ፦ ለእትዬ ዘነበወርቅ (እርስዎ ስለጀመሩት)

ጥቅምት 4

ደብዳቤው ጥሩ ወጥቷል። ለፀደንያ አላሳየኋትም፤ ሥራ ላይ ነበረች። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ወደ ጀልባ የሚጫነውን የምትቆጥረው እሷ ከሆነች ወዲህ አንድ ከረጢት አልጎደለብኝም። ከእሷ በፊት የመጋዘኑ ኃላፊ ሠርፀ ነበር የሚቆጥረው፤ ሠርፀ ታማኝ ነው፣ ግን ሰው ካዋዛው ቁጥሩ ይጠፋበታል። እሷን የሚያዋዛት የለም። ብትሄድ እንደ እሷ ያለ ሰው አላገኝም። ይህን ለየሺጥላ አልጻፍኩለትም፤ አይመለከተውም።

ቁጥር፦ የሺ/ረ/02/16
ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለረታ
ጁባ

ጉዳዩ፦ በተሰጠው መልስ ላይ መልስ ስለመስጠት

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ጎድሎበታል። ጄኔሬተሩን ማን መለሰልህ? ዓይኑን መሬት የጣለው ሰው ጄኔሬተሩን ጥሎልህ አልሄደም። ስርቆት መሆኑን ማወቅህ ምን ጠቀመህ? የሚያስከብረው የሌለ መብት ምኞት ነው። ምኞት ለሁሉም ሰው አለው፤ ለሌባውም ጭምር።

ደግሞስ በየዓመቱ ተሰልፈህ የመኖሪያ ፈቃድ የምታሳድሰው ለምንድን ነው? ከትንፋሽህ ጋር የተወለደ ከሆነ ዝም ብለህ አትተነፍስም?

ይህን ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። በ1999 ከአገር የወጣህበትን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአያትህ ስም በሁለት መዝገብ ሁለት ዓይነት ሆኖ ፓስፖርት ሲከለከልህ፣ ሦስት ቀን አቧራ ለብሼ መዝገብ አገላብጬ ያስተካከልኩልህ እኔ ነኝ። ያኔ ተፈጥሮ የት ነበረች? ዛሬ ባለ መጋዘን ሆነህ ወረቀት ከንቱ ነው ብለህ የምትሟገተው ያ የተጻፈልህ ወረቀት ባሳለፈህ በር ቆመህ ነው።

የፀደንያ ማስረጃ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እዚያው ይቆያል።

የሺጥላ

ግልባጭ፦
ለእህታችን ለወ/ሮ ዘነበወርቅ
ለነፍስ አባታችን

ስለ ሳሏ የጠየቅሁት አልተመለሰም።

ጁባ፣ ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየሺጥላ

ሰላም ላንተ ይሁን።

ዕድሜህን አከብራለሁ፤ ግን የዋለውን ውለታ በገመድ አስሮ ለሚጎትት ሰው «እርስዎ» ማለት አልቻልኩም። ውለታህን አልካድኩም። ነገር ግን ያን ወረቀት ስትጽፍልኝ እኔ ጋምቤላ ነበርኩ። በአካል አልቀረብኩም። ያኔ ያልነበረ መመሪያ ነው ዛሬ በልጅህ ላይ የወጣው?

ስለ መንግሥት የማስበውን ልንገርህ፤ ከራሴ ሱቅ ነው የማወራው። መጋዘኔ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለኝ። ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ፤ ጦርም ገዝቼለታለሁ። የሰጠሁት ስለምፈልገው ነው፤ እኔ ስተኛ እሱ እንዲነቃ። ያለ ዘበኛ መጋዘን እንደማይኖር ጠፍቶኝ አይደለም። ግን አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ «ጌታዬ፣ ቁልፉ በእጄ ስለሆነ መጋዘኑ የኔ ነው፤ ካልፈቀድኩልህ አትገባም» ቢለኝ፣ እሱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዘበኛ አይደለም። ጦር የያዘ ሌባ ነው። አንተም ዘበኛ ነህ። ማሚቱን ስታስገባ ሥራህን ሠራህ፤ እግዜር ይስጥህ። ልጅህን ስትከለክል ግን የሰው ዕቃ ላይ ተቀምጠሃል። ለአደራ የተሰጠህን ቁልፍ የያዝክበት እጅ ጣቱ መከፈት አቅቶታል።

ወረቀቷን ላክ።

ረታ

ግልባጭ፦ ለእትዬ ዘነበወርቅ። ለነፍስ አባታችሁ አንተው አንብብላቸው።

ቁጥር፦ የሺ/ረ/03/16
ቀን፦ ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለረታ
ጁባ

ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ዘነበወርቅ ፀደንያ የጻፈችላትን ደብዳቤ አሳየችኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የልጄ ፓስፖርት ያለው በማን እጅ ነው?

የሺጥላ

ግልባጭ፦ ለሁሉም

ሳሏስ?

ታኅሣሥ 24

ፖስታውን ሆቴሉ በር ላይ ነው የከፈትኩት። አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ፣ የሆቴሉን ባለቤት ሶሊን ስለ ሲሚንቶ ጠየቅኋት። መልሷን አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008ቱ ዝርፊያ የብዙ ሰው ፓስፖርት ጠፋ። የሌላው ከነሻንጣው ተወሰደ፣ የሌላው ከቤቱ ጋር ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ከተማውን ከሚለቅ አንድ ድርጅት የብረት ካዝና ገዛሁ። ሠራተኞቼ ራሳቸው ናቸው «ጋሽ ረታ፣ የኛንም ያዝልን» ያሉኝ። ያዝኩላቸው። እዚህ ያለን ሐበሻ አሠሪዎች አብዛኞቻችን እንደዚያ ነን፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ሻንጣውን ቤት ያስገባል፣ ፓስፖርቱን ለጋሼ ይሰጣል። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ፀደንያም በመጣች ቀን አትላባራ ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ነው የሰጠችኝ። ካዝናው ውስጥ አምስት አሉ።

ማስጠበቅና መያዝ መቼ እንደተለያዩ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ሠርፀ ለእህቱ ሠርግ አገር ቤት ልሂድ ሲለኝ «ጭነቱ ይለቅና እሰጥሃለሁ» አልኩት። ሠርጉ አለፈ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀም።

ለየሺጥላ አልመለስኩለትም።

ጥር 1

ሁለት ሴቶች ሱቅ ገቡ፤ ፀደንያና ጓደኛዋ ካትሪን። ካትሪን የዚህ አገር ሰው ናት፤ ግን በስደት ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ነው ያደገችው። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል።

«እሺ ጋሽ ረታ፣ ጦርነቱ እንዴት ይዞሃል?» አለችኝ።

«የምን ጦርነት?»

«የደብዳቤው ነዋ! ማኅተም ያለው ፖስታ ሲመጣ እኮ ሶሊ ሆቴል ‹የረታ ክስ መጣ› ነው የሚባለው።»

ፀደንያ አልሳቀችም። «ጋሽ ረታ፣ ፓስፖርቴን ፈልጌ ነበር» አለች።

«ለምን ፈለግሽው?»

«መላካል ልሄድ ነው። ካትሪን ሱቅ ይዛለች። ከሰሜኑ ጦርነት ተመላሹ ሰው ብዙ ነው፤ ሳሙና ይፈልጋል፣ ምንጣፍ ይፈልጋል። የዊዩአል ጀልባ ጥር ሰባት ይነሳል።»

ዊዩአል የእኔን ዕቃ የሚጭነው ጀልባ ካፒቴን ነው። መላካል የምልከው ደግሞ ሳሙናና ምንጣፍ ነው። የማን ገበያ ላይ ሊቀመጡ እንደሆነ ለማወቅ ሂሳብ አላስፈለገኝም።

«ደስ ይላል» አልኩ። «ይሄ ጭነት ይለቅና እንነጋገራለን። ቁልፉም ቤት ነው ያለው።»

«ቁልፉማ አንገትህ ላይ ነው» አለች ካትሪን። እውነቷን ነበር። ክሩ ከሸሚዜ ኮሌታ ላይ ወጥቷል።

«ሰነድ የችኮላ ነገር አይደለም፤ መንገድ ላይ ቢጠፋባትስ? እኔ ለእሷ አስቤ…»

«ካላስ፣ ይብቃህ ጋሽ ረታ! እኔ ያለ ወረቀት ነው የተወለድኩት። ታዲያ አልተወለድኩም? ደግሞ ወረቀት የለሽም ተብዬ ስንቴ ፖሊስ ጣቢያ አድሬያለሁ መሰለህ። እናንተ ቁጭ ብላችሁ የምትጻጻፉበትን ነገር እኔ ታስሬበታለሁ። አውጣው በቃ!»

«ተዪው፣ ካትሪን» አለች ፀደንያ። እጇን ይዛ ወደ በሩ እየጎተተቻት ሳለ ዞር ብላ አየችኝ። «ደብዳቤ ይጽፍበታል።»

ጥር 12

ጀልባው ጥር ሰባት ያለ እነሱ ተነሳ። ዛሬ ጠዋት ካዝናውን ከፍቼ ፓስፖርቷን ሰጠኋት።

ከፈተችው፤ ፎቶዋን አላየችም፤ በቀጥታ ቀኑ ላይ ነው የሄደችው። «ከትናንት ወዲያ ነው ያለፈው» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ማስተባበል እችል ነበር። ግን ዘይት የምሸጥ ሰው ነኝ፤ መጋዘኔ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ በቃሌ ነው የማውቀው። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ራሴ ነኝ ያስተማርኳት።

ፓስፖርቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ደብዳቤዎቹን አሳየኝ» አለች። ይህን ደብተር ሰጠኋት። የዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሠርፀ መጥቶ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ፈልጎ መልኳን ሲያይ ተመለሰ።

«ግልባጭ ለአክስቴ አለ» አለች ስትጨርስ። «ለነፍስ አባት አለ። ለሁሉም የሚልም አለ። ለእኔ የት አለ?»

ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ጁባ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየሺጥላ

ጤና ይስጥልኝ። ለጠየቅኸው መልስ ዘግይቻለሁ።

ፓስፖርቷ በእኔ እጅ ነበር። ጠይቃኝ አልሰጠኋትም፤ የሰጠኋት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለ ዘበኛው የጻፍኩልህ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ለእኔ ቢደርሰኝ ኖሮ ስለ እኔ እንደተጻፈ አውቅ ነበር። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ሰምተህ እንዳትደሰትበት ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። እኔ ሌባ ሆኜ መገኘቴ አንተን ባለቤት አያደርግህም። አንዱን ወረቀቷን እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን አንተ። የእኔ ካዝና ተከፍቷል። መሳቢያህን ክፈት።

ረታ

ቁጥር፦ የሺ/ረ/04/16
ቀን፦ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቶ ረታ
ጁባ

ጉዳዩ፦ ግንኙነትን ስለማቋረጥ

በጻፉልኝ ደብዳቤ የሞተ ወረቀት መልሰው ካዝናዬ ተከፈተ ይሉኛል። በእኛ ወረዳ አሠሪ የሠራተኛውን ፓስፖርት ቢይዝ ከሳሽ ይቀርባል፣ ዳኛ ይሰየማል። እርስዎን የሚከስ የጠፋው ለምን ይመስልዎታል? ያመሰገኗት ተፈጥሮ ፍርድ ቤት የላትም። የጠላሁት መንግሥት ባለበት ቦታ ልጄ ለአንድ ነጋዴ ጥቅም ባልታገተች ነበር። ያለ ሕግ የሚኖር ነፃነት የጉልበተኛ ነፃነት ነው ብዬ ባልጽፍልዎትም፣ እርስዎ በሥራዎ ጽፈውልኛል።

ወረቀትዎን ያለ አካል መቅረብ የሠራሁት ያኔ ዘመድ መስለውኝ ነው። ስህተቴን አምናለሁ።

ከእንግዲህ አይጻፉልኝ። ልጄ የት እንዳለች ብቻ ያሳውቁኝ።

የሺጥላ

ግልባጭ፦ የለም

ሳሏ።

የካቲት 9

«የጠላሁት መንግሥት» ብሏል። «የጠሉት» ሊል ፈልጎ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፣ ይህን ግን መልሶ ሳያነበው ነው ያሸገው። ላሾፍበት ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። «እርስዎ» የሚለው ግን አጥንቴ ድረስ ነው የገባው።

መላካል ትድረስ አትድረስ ስላላወቅሁ፣ የት እንዳለች ማሳወቅ አልቻልኩም። ጥር 16 በሌላ ጀልባ ከካትሪን ጋር ሄዳለች። ዊዩአል ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። «ማፊ ወሬ» አለኝ፤ ወሬ የለም ማለቱ ነው። ወሬ ቢኖርም ለእኔ እንደማይነግረኝ ከፊቱ ገባኝ።

መላካል፣ መጋቢት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባዬ
ለጋሽ ረታ

ለሁለታችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ይህ ደብዳቤ ሁለት ግልባጭ አለው፤ ቃል በቃል አንድ ነው። አንዱ ለአንዱ ምን ተባለ ብላችሁ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው።

እዚህ ስደርስ ፓስፖርቴ ያለፈበት፣ መታወቂያዬ ያለፈበት ነበር። የገበያው ሴቶች ማኅበር አለ። ካትሪን የእናቷን ዘመዶች አገኘች፤ እነሱ ለሌሎቹ ነገሩ። ሰባት ሴቶች አንድ ወረቀት አስጻፉልኝ። የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እናውቃታለን»። ሰባቱም አሻራቸውን አኖሩበት። ወረቀቱን ይዘን ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ ጸሐፊው አሻራዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ከላያቸው ማኅተም መታበት። ማስረጃዬ እስኪመጣ በዚያ ወረቀት ሦስት ወር እንድነግድ ተፈቀደልኝ።

ከፈለጋችሁ በዚህ ላይም ተከራከሩ። እኔ ቆሜ ስላየሁ እነግራችኋለሁ። አሻራው ቀድሟል። ጸሐፊው ሴቶቹን ባያይ ኖሮ ማኅተሙን አያነሳም ነበር። ደግሞ ማኅተሙ ባይመታ ወደቡ ላይ ያለው ሰው ዕቃዬን አያሳልፍልኝም ነበር።

ጋሽ ረታ፣ ሥራ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ሁልጊዜ እናገራለሁ። ሳሙና ካንተ አንገዛም፤ ከሌላ አገኘን። ሠርፀና ሦስቱ ልጆች ፓስፖርታቸው ካዝናህ ውስጥ ነው። ረስተሃቸው እንደሆነ ብዬ ነው።

አባዬ፣ ሦስት ደብዳቤህን አነበብኩ፤ ሦስቱም ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቀሃል። ጋሽ ረታ ለሁሉም ነገር መልስ ሲሰጥህ ለእሷ አልሰጠህም። ሳሉ ከጥቅምት ጀምሮ ለቆኛል። ሌሊት እንኳ የለም።

መሳቢያህ ውስጥ ያለው የእኔ ነው። የምትልክልኝ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ካልላክህም ሴቶቹ ሌላ ወረቀት እንጽፍልሻለን ብለውኛል።

ፀደንያ

ሚያዝያ 2

ዛሬ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት አራቱን ጠርቼ ፓስፖርታቸውን ሰጠኋቸው። አንደኛው «ምን አጠፋን?» አለኝ። ሁለቱ አመስግነው ወጡ። ሠርፀ ግን ቆሞ ቀረ። የሸሚዙን ኪስ ከፍቶ ከተተው፤ የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ፤ እንደገና ዳበሰው።

«የሠርጉን ነገር…» ብዬ ጀመርኩ።

«እህቴ ልጅ ወልዳለች» አለኝ። «ክርስትናው ግንቦት ነው።»

«ሂድ።»

«ልነግርህ ነው እንጂ ልጠይቅህ አይደለም፣ ጋሽ ረታ።»

ነገ ስንት ሰው ሥራ እንደሚገባ አላውቅም። ሱቁን በሰዓቱ እከፍታለሁ።

ሚያዝያ 19

ሶሊ ጠራችኝ። ማኅተም ያለው ፖስታ መጥቷል። ስሙ የእኔ አይደለም። «ለወ/ሪት ፀደንያ የሺጥላ፣ መላካል» ይላል፤ በጀርባው ደግሞ በዚያው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «አድራሽ፦ አቶ ረታ። መክፈት አይፈቀድለትም» ይላል።

ለእኔ ሌላ ምንም የለም፤ ሰላምታም የለም።

በጣቴ ስነካው ውስጡ ወፈር ያለ ወረቀት አለ። የልደት ማስረጃ እንዲህ ይወፍራል። የተግሣጽ ደብዳቤም፣ የሺጥላ ከጻፈው፣ እንዲህ ይወፍራል። ወደ ብርሃን ይዤው ነበር፤ አወረድኩት።

ወደብ ሄጄ ለዊዩአል ሰጠሁት። «በእጇ» አልኩት። አገላብጦ አየውና በጀርባው ያለውን አነበበ፤ አማርኛ ያነባል፣ ያደገው እኛ አገር ነው። ሳቁን ለመያዝ አልሞከረም።

በዚህ ጉዳይ የተጻፈውን ሁሉ በዚህ ደብተር ላይ ገልብጫለሁ። የዚህኛው ግልባጭ የለኝም።